ለነብር የገዛሁት ሽጉጥ

ይህን ነገር ሳወራ ሰው ይስቃል። መጀመሪያው ላይ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ እንዲያውም ቶሎ እንዲስቁልኝ ጨመር እያደረግሁ ነው የማወራው። መጨረሻው አካባቢ ስደርስ ግን ድምፄ እየወረደ ይሄዳል። ሰው አንዴ መሳቅ ከጀመረ ወዲያው አያቆምምና፣ እኔ ዝም ካልሁ በኋላ እንኳ ትንሽ ይስቃል። ስለዚህ በአፍ ማውራቱን ትቼ ልጽፈው አሰብሁ። የሚስቅ ቢስቅም አልሰማውም።

ሥራዬ ዛፍ መቁጠር ነው። ቀልድ አይደለም። ባሕር ዳር ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የደን ባለሙያ ነኝ። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ዘጌ ጫካ እገባና ዋንዛው ስንት፣ ብሳናው ስንት፣ ወይራው ስንት እያልሁ እመዘግባለሁ፤ ውፍረታቸውን በሜትር እለካለሁ፤ የተቆጠረው ዳግም እንዳይቆጠር ግንዱ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አደርጋለሁ። ባለቤቴ ትዕግሥት ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቃት “ቢሮ ነው የሚሠራው” ብላ ታልፈዋለች።

ጫካው ውስጥ መንገድ የሚያሳዩኝ ጋሼ ይማም ነበሩ። ሐይቁ ዳር የሚኖሩ ዓሣ አስጋሪና ታንኳ ሠሪ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል ይባላል፤ እሳቸው ግን ሲጠየቁ “ሐይቁን ጠይቁት” ይላሉ። ጠዋት በታንኳቸው ዳር ዳሩን እየቀዘፉ ጫካው ሥር ያደርሱኛል፤ ከዚያ አብረን እንገባለን። እኔ እቆጥራለሁ፤ እሳቸው የቀለሙን ቆርቆሮ ይይዙልኛል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ “ኢንጂነር” ነው የሚሉኝ። ኢንጂነር አለመሆኔን ሁለት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። ሦስተኛ ጊዜ አልነገርኋቸውም፤ ለካ መጠሪያው ደስ ይላል።

ነገሩ የተጀመረው ጋሼ ይማም ለዘመድ ሠርግ ይፋግ በሄዱበት ሳምንት ነው። ብቻዬን ገባሁ። ማለዳ ነው፤ ከዛፎቹ ሥር በበቀለው ቡና መሐል ቆሜ አንድ ትልቅ ሾላ እየለካሁ ሳለ ከበላዬ የሆነ ነገር አገሳ። ጫካው በሙሉ ጉሮሮውን የጠረገ ነው የመሰለኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን በቅጡ አላስታውሰውም። ራሴን ያገኘሁት የመኪና መንገዱ ላይ ነው። አንድ ጫማዬ የለም፤ ሜትሩ አንገቴ ላይ ተጠምጥሟል፤ የሦስት ቀን ቆጠራ የያዘው ደብተሬ ጫካው ውስጥ ቀርቷል።

ቢሮ ስደርስ ሁሉም ከበው “ምን ሆነህ ነው?” አሉኝ። በአንድ እግር ጫማ ቆሞ ምን ይባላል?

“ነብር” አልሁ።

አንዲት ቃል ናት። ግን ቢሮው ውስጥ ስትዞር ዋለችና አደገች። ከምሳ በፊት ነብሩ አይቶኝ ነበር፤ ከምሳ በኋላ ተከትሎኝ ነበር፤ ከሥራ ልንወጣ ስንል ጫማዬን ነክሶ ያስቀረው እሱ ሆኖ ተገኘ። ይህን የመጨረሻውን እኔ አላልሁም። አላስተባበልሁምም።

በሳምንቱ ጋሼ ይማም ተመለሱና ነገርኋቸው። ድምፁንም እንደምንም አስመስዬ አሰማኋቸው። ጎንበስ ቀና ብለው ሳቁ።

“እሱማ ጉሬዛ ነው እኮ፣ ኢንጂነር! ማለዳ ማለዳ ዛፍ ላይ ሆኖ እንዲያ ነው የሚጮኸው። ቅጠል በል እንስሳ ነው፤ ሰው ምን ያደርግለታል? በዚህ ጫካ ነብር ታየ ሲባል ከሰማሁ እኔም ቆይቻለሁ።”

ደብተሬንም ጫማዬንም ፈልገው አገኙልኝ። ጫማዋ ምንም ጥርስ አልነካትም።

እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። በማግስቱ ቢሮ ገብቼ “ጉሬዛ ነው አሉ” ብል ኖሮ ለአንድ ሳምንት ይስቁብኝና ይረሱት ነበር። እኔ ግን በዚያ ሳምንት ከቢሮው ሰው ሁሉ የተለየሁ ሆኜ ነበር። ሻይ ቤት ስገባ ወንበር ይሳብልኛል። ዘበኛው እንኳ ቆሞ ሰላም ይለኛል። ከጉሬዛ የሮጠ ሰው ለመባል አቅም አጣሁ። ነብሩን ይዤ ቀጠልሁ። ሳወራው ሳወራው ደግሞ መልኩ እየታየኝ መጣ፤ ጅራቱ፣ ነጠብጣቡ፣ ዓይኑ። ውሸቱ የራሴ መሆኑን እያወቅሁ፣ ጫካ በገባሁ ቁጥር ግራ ቀኝ ማየት ጀመርሁ።

አንድ ቀን ሻይ ላይ አንዱ “ታዲያ እዚያ ጫካ ባዶ እጅህን ነው ተመልሰህ የምትገባው?” ሲለኝ፣ አፌ እኔን ሳያማክር “ሽጉጥ ልይዝ ነው” አለ።

ይህ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አገሩ ጸጥ ባለ ጊዜ ነው። አሁን ቢሆን ስለ ሽጉጥ ተርኬ ማንም አይስቅልኝም።

ስለ መሣሪያ የማውቀው ነገር አልነበረኝም። ግሽ አባይ ሰፈር ጎረቤታችን የሆኑት ጡረተኛው መቶ አለቃ አንዳርጌ ግን ያውቃሉ። ሄጄ ነገርኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

“ምን ልትተኩስበት ነው?”

“ነብር።”

“በሽጉጥ?”

“ለመጠባበቂያ ነው፣ መቶ አለቃ።”

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ ጎረቤት ሆነው እምቢ ማለት ስለከበዳቸው ነው መሰለኝ፣ ሕጋዊ ወረቀት ያለው ሽጉጥ የሚሸጥ ሰው እንደሚያፈላልጉ ቃል ገቡልኝ። ምርጫው እንዲህ ተጀመረ። እኔ ደግሞ ሸሚዝ እንኳ ብቻዬን መርጬ አላውቅም።

የመጀመሪያዋ ሽጉጥ የአንዲት ነጋዴ ሴትዮ ነበረች። ሴትዮዋ ከስኳር ቆርቆሮ ውስጥ አውጥተው፣ ስኳሯን አራግፈው ሰጡን። መዳፌ ላይ ሳስቀምጣት ጠፋች። እኔ ወድጃት ነበር፤ ኪስ ውስጥ ትገባለች፣ ቀላል ናት፣ ሽጉጥ ለሚፈራ ሰው አታስፈራም። መቶ አለቃ በሁለት ጣታቸው አንሥተው አዩና “ይህቺ ነብሩን ታሳክከዋለች እንጂ አትመታውም” አሉ። ሴትዮዋ ቅር ብሏቸው ወደ ስኳሩ መለሷት።

ለሁለተኛው አንበሳሜ ድረስ ሄድን። ባለቤቱ አንድ አዛውንት ገበሬ ናቸው። ሽጉጡ ስድስት ጎራሽ ነው፤ አፈሙዙ ክንዴን ያህላል። ወገቤ ላይ ስሰካው ሱሪዬ አብሮት ወረደ። ቀበቶዬን አጥብቄ ደግሜ ሰካሁት፤ አሁን ደግሞ ሱሪው ቀርቶ እኔ ወደ ቀኝ ዘመምሁ። አዛውንቱ በትዕግሥት ሲያዩኝ ቆዩና ለምን እንደምፈልገው ጠየቁኝ። ስለ ነብሩ ነገርኋቸው። አልሳቁም።

“ልጄ፣ ነብር አንተን ሊያገኝህ ከፈለገ አታየውም። ካየኸው ደግሞ እየሄደልህ ነው። ታዲያ ይህን መቼ ልታወጣው ነው?”

አዛውንቱ ሽጉጡን ከእጄ ወስደው በጋቢያቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና “አልሸጠውም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ” ብለው ወደ ቤት ገቡ። መቶ አለቃ እየተመለስን ሳለ “ሰውየው የመሣሪያውን ክብር ያውቃል” አሉኝ። ያን ቀን ዝም ብዬ ቤቴ ብገባ ኖሮ!

ሦስተኛው ባሕር ዳር የሚኖር አንድ ሹፌር የሚሸጠው ነበር። ቱርክ ሠራሽ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። መልኩን እንዳየሁ ልቤ ሄደ። ሰው ሚስት ሲመርጥ እንኳ ቤተሰቧን ይጠይቃል፤ እኔ ምንም አልጠየቅሁም። መቶ አለቃ ፈታትተው ገጣጠሙት፤ ቃታውን በባዶው ደጋግመው ሳቡትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ይህ ቃታው ልል ነው። ገና ስታስበው ይተኩሳል። ለሚደነግጥ ሰው አይሆንም።”

ሹፌሩ እኔን አየ። መቶ አለቃም አዩኝ። ነብር አይቶ የተረፈ ሰው ምን ይበል?

“ይህን ነው የምፈልገው” አልሁ።

ፈቃድ ሊያወጡልኝ የተቀመጡት የፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሰው ማመልከቻዬን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

“የሚያስፈልግበት ምክንያት... ነብር ይላል።”

“አዎ።”

“ሌላ ጠላት የለብዎትም?”

“የለብኝም።”

“ከነብሩ ጋር በምን ተጋጫችሁ?” ብለው ለራሳቸው ሳቁና ማኅተሙን መቱልኝ። እኔም ሳቅሁ። ያን ሰሞን ሁሉም ነገር ያስቀኝ ነበር።

መቶ አለቃ ከከተማ ወጣ ወዳለ የድንጋይ ካባ ወስደው ሊያለማምዱኝ ሞከሩ። አሥር እርምጃ ላይ ቢጫ ጀሪካን አቆሙ። ጀሪካኗን አንድም ጊዜ አልነካኋትም። አንዴ ከበስተኋላዋ ካለው ኮረብታ አፈር ቦነነ፤ አንዴ ደግሞ ጥይቱ የት እንደሄደ ሁለታችንም አላወቅንም። “ዓይንህን አትጨፍን” አሉኝ። አልጨፈንሁም ብዬ ተከራከርሁ። ስንመለስ መንገድ ላይ አስቁመው በወታደር ድምፅ “ስማኝ። ጥይት አጉርሰህ እንዳትይዘው። ለመጠባበቂያ ነው ካልህ ባዶውን ይጠብቅህ” አሉኝ። እሺ አልሁ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

ቤት ስገባ ትዕግሥት አየችው።

“ዛፍ ልትቆጥር አይደለም እንዴ የምትሄደው? ዛፉ ምን በደለህ?”

“ለነብር ነው።”

“የትኛው ነብር? ጋሼ ይማም ጉሬዛ ነው ብለውኛል ያልኸኝ እኮ አንተው ነህ!”

ሚስቴ ማስታወሷ ያን ቀን አበሳጨኝ። ቤታችን ውስጥ ከእውነቱ ጋር የምትኖረው እሷ ብቻ ነበረች።

መያዙን ስለማመድ ብዙ ጉድ ደረሰብኝ። ባጃጅ ውስጥ ስቀመጥ ይወጋኛል፤ ስቆም ይወርዳል። የባሰው ግን የለቅሶ ቤቱ ነው። የሥራ ባልደረባችን አክስት አርፈው ድንኳን ገብተን ነበር። አንዲት እናት ሲያልፉ ከመቀመጫዬ ልነሣላቸው ብድግ ስል፣ ሽጉጡ በሱሪዬ እግር ውስጥ ተንሸራትቶ ወርዶ ድንኳኑ መሐል ዱብ አለ። ለቅሶው ቆመ። ሁለት ሰዎች ወንበር ሥር ገቡ። አንድ ቄስ “ማን ነው የመጣው?” አሉ። ጎንበስ ብዬ አነሣሁት፤ “ለነብር ነው” ብዬ ገለጽሁ። እስከ ዛሬ ድረስ ከዚያ ቤት ሰው ለመርዶም ለሠርግም አይጠራኝም። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ በጣም ይስቃል። ይሳቅ፤ ከዚህ በኋላ የሚያስቅ የለኝም።

ከሽጉጡ ጋር ጫካ የገባሁት አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። ጋሼ ይማም ታንኳቸውን ይዘው ጠበቁኝ። ወገቤን አዩ።

“ይህ ምንድን ነው?”

“ለአውሬ ነው፣ ጋሼ ይማም።”

“የትኛው አውሬ?”

ታንኳው ውስጥ ገብቼ ተቀመጥሁ። እሳቸውም መቅዘፊያቸውን አነሡ። መንገዱን ሁሉ ስለ ዓሣው መጥፋት፣ ስለ ውሃው መሸሽ፣ ሊሠሩ ስላሰቡት አዲስ ታንኳ ሲያጫውቱኝ ሄዱ። ለታንኳው ደንገል አጭደው ጫካው ሥር ባለው ዳርቻ ካሰጡት ሰንብቷል፤ ዛሬ ደርቆ ከሆነ ይዘውት ይመለሳሉ። እኔ ከኋላቸው ተቀምጬ እሰማለሁ። ሁልጊዜም ከኋላቸው ነበር የምቀመጠው።

እስከ እኩለ ቀን በደንብ ሠራን። ከዚያ ጋሼ ይማም የቀለሙን ቆርቆሮ አንድ ዋንዛ ሥር አስቀመጡ።

“ልስገድ። ስመለስ ደንገሉንም ይዤ እመጣለሁ። አንተ እዚሁ አረፍ በል።”

ልብ በሉ፤ ነግረውኛል። የሚሄዱበትን፣ የሚይዙትን፣ እንደሚመለሱም ነግረውኛል።

ዋንዛውን ተደግፌ ተቀመጥሁ። ብቻዬን ስሆን ጫካው ተለወጠብኝ። ቅጠል ወደቀ፤ ዘወር አልሁ። ወፍ ተነሣ፤ ዘወር አልሁ። ሽጉጡን አወጣሁና ጭኔ ላይ አስቀመጥሁት። ከዚያ አጎረስሁት። ለምን እንዳጎረስሁት ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። ማንም አላየኝም ነበር፤ ለማን ልታይ?

ዓይኔን ጨፈን ሳላደርገው አልቀረሁም። ስገልጠው ከቡናው ውስጥ ኮሽታ ይሰማል። የሰው ኮቴ አይመስልም፤ ይጎተታል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጎተታል። በቅጠሉ መሐል ቢጫ ነገር አየሁ። ረጅም ነው። ይወዛወዛል። ስንት ቀን ሙሉ ለሰው ስተርከው የኖርሁት ነብር፣ በዚያው መልኩ፣ በዚያው አረማመድ መጣ።

ተኮስሁ።

ቢጫው ነገር ተበተነና ወደቀ። በሕይወቴ ያነጣጠርሁትን የመታሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ድምፁ ሐይቁ ላይ ሄዶ ሲመለስ ጫካው ጸጥ አለ። ወፍ የለም፣ ጉሬዛ የለም። ቡናው ሥር የተከመረ የደረቀ ደንገል ይታየኛል። ከደንገሉ ሥር ሁለት እግሮች ወጥተዋል። ባዶ እግሮች ናቸው፤ ለሶላት የታጠቡበት ውሃ ገና አልደረቀባቸውም።

ከዚያ ከደንገሉ ውስጥ ድምፅ መጣ።

“እኔ ነኝ” አለ። “ኢንጂነር፣ እኔ ነኝ። ይማም ነኝ።”

ቁጣ የለበትም። ልመና ነው። የልጅ ልጅ ያዩ ሰው፣ የቀለም ቆርቆሮዬን የሚሸከሙልኝ ሰው፣ ዳግም እንዳልተኩስባቸው እየለመኑኝ ነው። እጄ ግን ሽጉጡን አልለቅ አለ።

“መሬት ላይ አስቀምጠው” አሉኝ፣ ሳይንቀሳቀሱ። “ቀስ ብለህ። አፉን ወደ ውሃው አዙረው። እንዲያ። አሁን ተነሥና ራቅ በል።”

እንዳሉኝ አደረግሁ። ከዚያ ተነሡ። ጥይቱ በትከሻቸው የተሸከሙትን ነዶ ከፊት ገብቶ በጎን ወጥቷል፤ ከጉንጫቸው ያለው ርቀት አንድ ስንዝር አይሞላም። የተሰነጠቀ ደንገል አገጫቸውን ጭሯቸው ትንሽ ደም ወጥቷል። ደሙን በጣታቸው ነኩና አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ደንገሉን አንድ በአንድ መልቀም ጀመሩ። ላግዛቸው ቀረብሁ።

“ተወው” አሉኝ።

ከሽጉጡ የቀሩትን ጥይቶች አውጥቼ ሁሉንም በየኪሴ ከተትሁና ወደ ታንኳው ወረድን። እንደ ልማዴ ከኋላቸው ልቀመጥ ስል ክንዴን ያዙኝ።

“ዛሬ ፊት ተቀመጥ” አሉኝ። “የማይህ ቦታ።”

ሐይቁ ዝም ብሎ ነበር። ግማሽ መንገድ ስንደርስ ተናገርሁ።

“ነብር መስሎኝ ነው፣ ጋሼ ይማም።”

መቅዘፊያቸውን አላቆሙም።

“ነብር እኮ የለም፣ ኢንጂነር። አንተም ታውቃለህ።”

አዎ፤ አውቅ ነበር። ጋሼ ይማም ሊሞቱ የነበረው በነብር ምክንያት አይደለም፤ ሻይ ቤት ወንበር ይሳብልኝ ብዬ ነው።

ቤት ገብቼ ለትዕግሥት ነገርኋት። ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም።

“ምን አልኻቸው?”

“ነብር መስሎኝ ነው አልኋቸው።”

“እዚያም ላይ ነብር አልህ?” አለችና ፊቷን አዞረች። ከዚያ በኋላ ይህን ነገር አንሥታብኝ አታውቅም። ብታነሣው ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ሽጉጡን ወስጄ ለፖሊስ አስረከብሁ። ማኅተም የመቱልኝ ሰው እዚያው ነበሩ። “ምነው? ነብሩን ገደሉት?” አሉኝ። ሊያስቁኝ ፈልገው ነው። ወረቀቱ ላይ ፈርሜ ወጣሁ። ቢሮ ገብቼም ለሁሉም እውነቱን ተናገርሁ፤ ጉሬዛውንም፣ ጫማዋንም፣ ጋሼ ይማምንም። ግማሾቹ ሳቁ። ግማሾቹ እስከ ዛሬ አያምኑኝም፤ ትሕትና መስሏቸዋል።

ከዚያ መቶ አለቃን ሽማግሌ አድርጌ ሐይቁ ዳር ወዳለው የጋሼ ይማም ቤት ሄድሁ። ደጅ ተቀምጠው አዲሱን ታንኳ እያሰሩ አገኘናቸው። መቶ አለቃ በወጉ ተናገሩ፤ እኔ በጋሼ ይማም ጉልበት ላይ ወደቅሁ። ወዲያው አነሡኝ።

“ይቅር ብዬሃለሁ። አላህም ይቅር ይበልህ። የሰው ልጅ ይደነግጣል።”

እንደገና አብረን እንሠራለን ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ግን ዓይናቸውን ወደ ሥራቸው መለሱ። “ዓይኔ ደክሟል ኢንጂነር፤ ጫካ አያስኬደኝም” አሉ። በዚያው ደካማ ዓይናቸው ቀጭኗን ገመድ በጠባብ ቀዳዳ እያሾለኩ ነበር። ባለቤታቸው እስከ በሩ ሸኙን፤ ስንለያይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “እሱ እኮ እንጨት ሲሰነጠቅ እንኳ ይደነግጣል አሁን። እንዲህ አልነበረም” አሉኝ። ስድብ ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር።

አሁን ጫካ የምገባው ብቻዬን ነው። የቀለሙን ቆርቆሮ ራሴ እይዛለሁ። ጉሬዛው ማለዳ ማለዳ ይጮኻል።

ከጋሼ ይማም ጋር አንዳንድ ቅዳሜ ባሕር ዳር ገበያ ላይ እንገናኛለን። ዓሣ ሸጠው ሲመለሱ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ ሰው ከሰው ይጋፋል፤ እኔ በእጄ የያዝሁት ሽንኩርት ነው። እሳቸው ግን እንዳዩኝ ይቆማሉ። ቅርጫታቸውን መሬት ያስቀምጣሉ፤ ሁለት እጃቸውን ባዶ መሆኑ እንዲታይ ከፍ ያደርጋሉ።

“ኢንጂነር! እኔ ነኝ! ይማም ነኝ!” ይላሉ ከሩቅ።

ገበያተኛው ይስቃል። የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ ቀልድ ይመስለዋል፤ አንዳንዱም እያስመሰለ “እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!” ይለኛል። እሳቸው አይስቁም። እጃቸውን እንዳነሡ ይጠብቃሉ።

“አየሁዎት፣ ጋሼ ይማም!” ብዬ በገበያው መሐል እጮኻለሁ። “እርስዎ ነዎት! አየሁዎት!”

ይህን ሳይሰሙ አንዲት እርምጃ ወደ እኔ አይራመዱም።